የጋሼ ሽቦ ዓይን

ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይባላል። የእኔ ጎረቤት ግን ክፉ ሳይሆን ነው ዕቃ ያስገዛኝ። መቀሴን ወስዶ የኤሌክትሪክ ገመድ ሲልጥበት ዶለዶመ፤ ሌላ ገዛሁ። ሜትሬን ወስዶ የአንቴና ቁመት ሲለካ ጣሪያ ላይ ረስቶት ዝናብ በላው፤ እሱንም ገዛሁ። የሚለየን አንድ የጣውላ ግድግዳ ነው። እሱ ወዲያ ሲያስነጥስ እኔ ወዲህ ሆኜ «ይማርህ» እላለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሱ ራዲዮ ሠሪ። ሰፈሩ ሁሉ ሽቦ ይለዋል፤ አንድም ቀጭን ስለሆነ፣ አንድም ከኪሱ ሽቦ ስለማይጠፋ። በስሙ ትጠራው የነበረችው ሚስቱ ነበረች። እሷ ከሞተች ወዲህ ስሙ ሥራ ፈቷል። እኔ ጋሼ ሽቦ ነው የምለው። በደህናው ቀን «አንተ» እለዋለሁ፤ ሲያናድደኝ «አንቱ»። አንቱ ያልኩት ቀን ነገር እንደመጣበት አውቆ ካቻቢቴውን ያስቀምጣል።

ሱቁ ከፊት ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ የሚሠራበት ጠረጴዛ፣ አልጋው፣ አንዲት የሻይ ማፍያና አንድ ወንበር አሉ። መደርደሪያው ላይ ተሠርተው ያለቁ፣ ባለቤቶቻቸው ግን ያልተመለሱላቸው ራዲዮኖች ተደርድረዋል። ሰው አሁን ሁሉን ነገር በስልኩ ይሰማል፤ ራዲዮ የሚያሠራ ከተገኘ ወይ ሽማግሌ ነው ወይ ግትር። ጋሼ ሽቦ ግን አንድ የተበላሸ ራዲዮ ከመጣለት ዓለም አይገደውም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ በቃ፤ ቅንድቡ እንኳ አይንቀሳቀስም። ጉድለቱን በጆሮው ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ እንደዚያ ይቀመጣል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ሻዩን አጠገቡ አስቀምጣ ቃል ሳትተነፍስ ትወጣ ነበር። አሁን የሚያስቀምጥለት ስለሌለ ሻይ የሚጠጣው ሲርበው ነው።

አንድ ቀን መደርደሪያ ላይ ሊደርስ ወንበር ላይ ቆሞ ወደቀ። የወደቀበትን አልሰማሁም፤ መኪናዬ እየሰፋች ነበር። የሰማሁት ራዲዮ ሲንጫጫ ነው። ሲንጫጫ ቆየ፣ ማንም አላስተካከለውም። ጋሼ ሽቦ ባለበት ቤት ራዲዮ እንዲያ አይንጫጫምና መርፌውን ትቼ ሮጥኩ። ከመሬት ሳነሳው «ልጄ እንዳትሰማ» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ። እጁ ወለም ከማለት በቀር ደህና ነበር። እኔም ለልጁ ደወልኩላት፤ ምን ላድርግ፣ አንድ አባት ነው ያላት።

ልጁ ሩቅ ከተማ ያለች ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ አልጋ የያዙ ሽማግሌዎች ስታገላብጥ ስለምትውል ወድቆ የቀረ ሰው ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ታውቃለች። መጥታ «አባዬ፣ ከእኔ ጋር ትኖራለህ» አለችው። እሱም «ቤቴን ለማን ጥዬ?» አላት። ተለማመጡ፣ ተኳረፉ፣ በመጨረሻ ተስማሙ። ጠዋትና ማታ ትደውላለች፤ ካላነሳ መጥታ ትወስደዋለች።

መቼም ማዳመጫ ጆሮው ላይ የሰካ ሰው ስልክ አይሰማም። እሱ ሳያነሳ ሲቀር እኔ ዘንድ ትደውላለች፤ እኔም በመቀሱ እጀታ ግድግዳውን እደበድባለሁ፤ እሱም «አለሁ!» ይላል። እንዲህ ሆነን ሰነበትን። አንድ ቀን ግን እኔ ክር ልገዛ ወጥቼ ስልኬን ሱቅ ውስጥ ረሳሁት። ወዲያ ስትደውል መልስ የለም፤ ወዲህ ስትደውል መልስ የለም። ያን ቀን ሥራዋን ጥላ ለመምጣት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ነበር እሱን በስልክ ያገኘችው።

«በቃ፣ ዕቃህን ሰብስብ» አለችው።

«አትቸኩዪ። ሁልጊዜ የምታዪኝ ዓይን እሠራልሻለሁ።»

«ከሠራ እዚያው ትኖራለህ። ካልሠራ ግን አባዬ፣ ሁለተኛ አልለምንህም።»

በማግስቱ ጋሼ ሽቦ ትንሽ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣና መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። ከክብሪት ቀፎ ከፍ የሚል ሰማያዊ ቦርድ አለ። ሲም ካርድ የሚጎርስ ሌላ ትንሽ ቦርድ አለ። ደግሞ ግማሽ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ነጭ ነገር አናቱ ላይ የደፋ ሴንሰር አለ።

«ካሜራ ነው?» አልኩት።

«አይደለም። መልክ አያይም። የሰው ገላ ሙቀት ይተፋ የለ? እሱን ነው የሚያየው። ሙቀቱ ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀስ ይነቃል።»

«እኔ ብገባስ?»

«ለእሱ አንቺም እኔም ያው ነን።»

«ተመስገን። እንግዲያው ሳልበጠርም እገባለሁ» አልኩት።

ሴንሰሩ ሦስት እግር ነበረው። «አንዱ ኤሌክትሪክ ይቀበላል፣ አንዱ ይመልሳል፣ መካከለኛው ያየውን ለቦርዱ ያወራል» ብሎ አስረዳኝ። መካከለኛው እኔን እንደሚመስል ነግሬው ሳቀ። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ሽቦ መርጦ በየደ፤ በናስትሮ ጠቀለለ፤ ሰካ። ምንም የለም። ነቀለ፣ በቴስተር ለካ፣ እንደገና ሰካ። አሁንም ምንም። ዕድሜ ልኩን ሽቦን በቀለሙ ሲያውቅ የኖረ ሰው፣ የእግሮቹንም ተራ በልማድ ነበር የገመተው። ሁለቱን ዳርና ዳር እግሮች አዛውሯቸው ኖሯል። ያን ቀን ምሳ ሳይበላ ዋለ። በማግስቱ ነጩን ቅርፊት በጥፍሩ ፈልቅቆ ሲያነሳው የእግሮቹ መለያ ከሥሩ ተጽፏል።

«አየሽልኝ? ስማቸውን ባርኔጣ ሥር ደብቀውት!» ብሎ በግድግዳው ጮኸ።

አገላብጦ ሲያገናኘው ደግሞ ቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ማንም ሳይንቀሳቀስ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። እኔ ተበላሸ አልኩ። እሱ ግን «እንግዳ ነው፣ የቤቱን ሙቀት ይልመድ፤ ትንሽ ጊዜ ስጪው» አለ። እውነትም ትንሽ ቆይታ ጠፋች። ከዚያ እኔን ከበር እስከ አልጋ፣ ከአልጋ እስከ በር አመላለሰኝ። ስሄድ ትበራለች፤ ስቆም ትጠፋለች። በሴንሰሩ ጎን ሁለት ቡሎኖች አሉ፤ አንዱ ምን ያህል ርቀት እንደሚያይ፣ ሁለተኛው ምን ያህል ጊዜ እንደሚበራ የሚያስተካክሉ። እነሱን በካቻቢቴው ጫፍ ሲያጠባና ሲያሰፋ እኔ እንደ ሙሽራ በዝግታ ስራመድ ዋልኩ። ደንበኛዬ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ እዚያ ብታገኘኝ ኖሮ ምን ትል እንደነበር እንጃ።

ቦርዱ የሚሠራበትን ትእዛዝ ባለቤቱ ጥሎት በጠፋ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፈው። ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ የልጁ ስልክ ላይ «ተነስቷል» የሚል መልእክት ይደርሳታል። ቀን ግማሽ ሰዓት ሙሉ የሚንቀሳቀስ ከሌለ «ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ የለም» የሚል ይሄድላታል። በእንቅልፍ ሰዓት ዕቃውም ይተኛል። ነጩን ዓይን ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቀለውና ለልጁ ደወለ። ልጅቷ በደስታ ስትጮህ እኔ ቤት ተሰማ። ቤቱ ተረፈለት፤ እኔም ጎረቤቴ ተረፈልኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበውም። ስልኩ መጮህ ተወ።

ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም። ጠዋት «ተነስቷል» ይላታል፤ ቀን መልእክት ካልመጣ ደህና ነው ማለት ነው። ታዲያ ምን ብላ ትደውል? ሥራዋ ሰው የሚጨርስ ሥራ ነው፤ ስትወጣ እግሯ አብጦ ነው የምትወጣው። መጀመሪያ የጠዋቱ ቀረ፣ ቀጥሎ የማታው። ስትደውልም «ደህና እንደሆንክማ አይቻለሁ» ብላ ቶሎ ትዘጋለች። ጋሼ ሽቦ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ማድረግ አቆመ፤ ስልኩ እንዳያመልጠው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። «ዛሬ ደወለች?» ስለው «ደህና መሆኔን ታውቃለች» ይለኛል።

አንድ ከሰዓት ፊቱ ፈክቶ ሱቄ ገባ። «ደወለች!» አለ። አንድ አሮጌ ራዲዮ ላይ ጆሮውን ደፍቶ እንደ ልማዱ ደርቆ ሲያዳምጥ ለካ ግማሽ ሰዓት አልፎ ኖሯል። ሰውየው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነጩ ዓይን አላየውም። ልጅቷም ደንግጣ ደወለች፤ ደህና መሆኑን ስትሰማ ከመደሰቷ የተነሳ ብዙ አወሩ፤ ምን እንደበላች፣ ከማን ጋር እንደተጣላች፣ ሁሉን ነገረችው።

«እንግዲያው አስተካክለው፤ በከንቱ እንዳትደነግጥ» አልኩት።

«አስተካክለዋለሁ» አለ። አላስተካከለውም።

ከዚያ ወዲህ በግድግዳው የምሰማው ነገር ተለወጠ። ካቻቢቴ የለ፣ ራዲዮ የለ፣ ጭር ይላል። ከዚያ ስልክ ይጮሃል። ከዚያ ጋሼ ሽቦ ይስቃል። «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። ዕቃው ነው እኮ። አንቺስ በላሽ ወይ?» እኔ ሞኟ፣ የሠራው ዓይን እያረጀ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን መቀሴን ፍለጋ መጋረጃውን ገልጬ ልገባ ስል አየሁት። ወንበሩን ወደ ነጩ ዓይን አዙሮ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ፣ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ራዲዮ የለም። ስልኩ ብቻ ነው ያለው። አንገቱን ሳያዞር በከንፈሩ ጠርዝ «አትግቢ፤ ልትደውል ነው» አለኝ።

«ጋሼ! ምን እየሠሩ ነው?» አልኩት።

አንቱታውን ሲሰማ እጁ ብድግ አለ። ቀዩዋ መብራት በራች። «አበላሸሽው» አለ።

«እርስዎ ነዎት ያበላሹት! ልጅቷ እዚያ ልቧ በአፏ ሊወጣ ነው፣ እርስዎ እዚህ እንደ ሐውልት ተቀምጠዋል! አንድ ቀን የእውነት ሲወድቁ ‹ዕቃው ነው› ብላ ብትተወውስ?»

«አንቺ ልጅ የለሽም» አለኝ።

እውነት ነው፤ የለኝም። ወንድም አለኝ፤ እሱም ቢሆን በዓመት አንዴ ሲያስታውሰኝ ነው። ወደ ሱቄ ተመልሼ የአንዱን ሱሪ እግር አጣምሜ ሰፋሁት። ጀምበር ሳትጠልቅ ጋሼ ሽቦ መቀሴን ይዞ መጣ። ስሎታል፤ እንደ አዲስ ሆኗል።

«ስላልኩሽ ነገር…»

«ተወው» አልኩት። «ግን ለምን ‹ደውዪልኝ› አትላትም?»

«ተለምኖ የሚመጣ ስልክ ምን ያደርግልኛል?» አለና በሬ ላይ ቆመ። «ድምጿን ብቻ ነው። ሌላ ምን እፈልጋለሁ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በዚያው ሳምንት ልጅቷ እኔ ዘንድ ደወለች። «እቴቴ፣ ያ ዕቃ ጨርሶ ተበላሽቷል። በሽተኛ ይዤ እየሮጥኩ ‹የሚንቀሳቀስ የለም› ይለኛል። ከእንግዲህ አልችልም። ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለችኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ወደ እሱ ሄድኩ። ለእሱም ነግራው ኖሯል።

«ንገራት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አልኩት።

«ምን ልበላት? እንድትደውዪልኝ ብዬ የሞትኩ እመስልሽ ነበር ልበላት? እንዲያ ከምላት ብሄድ ይሻላል። አንቺም ብትነግሪያት በዚህ ግድግዳ ሁለተኛ አላናግርሽም።»

እስከ ቅዳሜ መደርደሪያውን ሲያራግፍ ሰማሁት። አንዱን ራዲዮ ካርቶን ውስጥ ይከታል፣ መልሶ ያወጣል። ባለቤቶቻቸው ሊመጡ ይችላሉ ይል ነበር፤ እንደማይመጡ እያወቀ። እኔም ሥራ አልሠራ አለኝ። እሱ ከሄደ ወዲያ ማዶ ማን ሊያስነጥስ ነው?

ልጅቷ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዛ ደረሰች። አባቷን አቅፋ ሳመችው፤ እኔንም ሳመችኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ነጭ ዓይን ቀና ብላ አየችና ቀስ ብላ፣ ለበሽተኛ በሚነገርበት ድምፅ አናገረችው። «አባዬ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። እጅህ ወለም ካለው ወዲህ ደክሟል። የበየድከው ተላቆ ነው የሚሆነው።»

መሄዱን ሊችለው ነበር። ይህን ግን አልቻለውም።

«የእኔ ብየዳ አይላቀቅም» አለ።

«አባዬ…»

«ዕቃው አንድም ቀን አልተሳሳተም። ተቀመጪ። አንቺም ተቀመጪ» አለኝ። «ማናችሁም እንዳትንቀሳቀሱ።»

እሷ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እኔ የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀመጥን። እሱ እንደዚያን ቀን ወንበሩን ወደ ዓይኑ አዙሮ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጫነ። ቀዩዋ መብራት ትንሽ በርታ ጠፋች።

ግማሽ ሰዓት ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። አፍንጫዬን በላኝ፣ ቻልኩት። ዝንብ እጄ ላይ አረፈች፣ ቻልኩት። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ የሽማግሌ ነገር ነው ብላ ታግሣ ተቀምጣ ነበር። እየቆየ ግን ዓይኗ ብቻ ቤቱን ይዞር ጀመር፤ አንዷን ወንበር፣ አንዱን ብርጭቆ፣ ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ የተቀመጠውን ስልክ። ከዚያ አባቷ ላይ አረፈ። እሱ እንዳልለመደው ሰው አልተጨነቀም። ትከሻው ወርዶ፣ እጆቹ አርፈው፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ የተቀመጠ ሰው አቀማመጥ ነበር።

በእጇ የያዘችው ስልክ ነዘረ። ዝቅ ብላ አነበበችው። «ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ የለም» ይላል፤ ሦስት ሰው በአንድ ክፍል እየተነፈስን።

«አየሽ? ይሠራል» አለ ጋሼ ሽቦ፤ አሁንም አልተንቀሳቀሰም። ቀጥሎ ስልኩን እያየ፣ ድምፁ ዝቅ አለና «ይኸውልሽ፣ አሁን አንቺ ትደውያለሽ» አላት።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች፤ መብራቷም በራች። «ስንት ጊዜ እንዲህ ተቀመጥክ?» አለችው። እኔ እንዳልናገር ተከልክያለሁ፤ ግን የሚችል ይቻለው። «በደወልሽ ቁጥር ነው፣ ልጄ» አልኳት።

ሻንጣው ባዶውን ተመለሰ። ልጅቷ ሁለት ቀን አድራ፣ የአባቷን ልብስ አጥባ፣ ከእንግዲህ ማታ ማታ ልትደውል ቃል ገብታ ሄደች። እሱም ሆን ብሎ ሁለተኛ እንደማይደርቅ በሚስቱ ስም ማለ።

ሁለቱም ቃላቸውን ጠበቁ ብል ደስ ባለኝ። ልጅቷ ብዙ ጊዜ ስትደውል ሰንብታለች፤ አልዋሽባትም። ከዚያ የሥራ ፈረቃዋ ወደ ማታ ተቀየረ፤ አንድ ማታ ሳትደውል ቀረች፣ ከዚያ ሌላ ማታ። አልፈርድባትም። እሱ ግን ቃሉን ይዟል። አሁን በግድግዳው የምሰማው ነጠላ ጫማውን ነው። ራዲዮ እያዳመጠ ድንገት ትዝ ሲለው ብድግ ይላል፤ ከጠረጴዛ አልጋ፣ ከአልጋ ጠረጴዛ። ጉልበቱን እያመመው ይመላለሳል፤ ልጅቷ እንዳትደነግጥ። እኔም መኪናዬን አቁሜ እርምጃውን አዳምጣለሁ፤ ሲቋረጥብኝ ግድግዳውን አንኳኳለሁ።

ትናንት አመሻሽ ላይ የጠገንኩለትን ሱሪ ይዤ ገባሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ እግሩ አብጦ በርጩማ ላይ ሰቅሎታል። እኔን አላየኝም። ሳይነሳ ቀኝ እጁን አነሳና ወደ ነጩ ዓይን አወዛወዘ፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ መስኮቱ ሥር ለተቀመጠ መንገደኛ እንደሚደረገው። መብራቷ በራች። እጁን አወረደ። ልቀልድበት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«ዛሬ ደወለች?» አልኩት።

«ሥራ ላይ ነች» አለ ዞር ብሎ። «ነይ ግቢ። አንቺም ሰላም በያት።»

ሱሪውን አልጋው ላይ አስቀምጬ እጄን አወዛወዝኩ።